የእማዬን ቤት ከሲያትል ሆኜ ልሸጥ ነው፤ በፎቶው ላይ ግን ማሞቂያው ጠፍቷል

የሲያትሏ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

እማዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት አላት። በ1998 የገዙት፣ በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ሦስት መኝታ፣ ሳሎን፣ ጠበብ ያለ የምግብ ክፍልና ቤዝመንት አለው። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን ኖረችበት። ባለፈው ሴፕቴምበር ጉልበቷ ደረጃው ላይ አልታዘዝ ሲላት ወደ እኔ አመጣኋት። ቤቱ አሁን ባዶ ነው። ዕቃው ግማሹ ለዘመድ ተሰጠ፣ ግማሹ ለቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ የቀረው እኔ ጋ መጣ።

እኔ ሥራና ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉብኝ። እየተመላለስኩ ልሸጠው አልችልም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ከዚህ ሆኜ ነው የማስኬደው። ቁልፉ እዚያው ሰፈር ያለ የአክስቴ ልጅ ጋ ነው። ኤጀንታችን «ባዶ ቤት ፎቶ ላይ ቅዝቅዝ ይላል። እውነተኛ ዕቃ ተከራይቶ ማስገባት ደግሞ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ቨርቹዋል ስቴጂንግ እናድርግ» አለን። ባዶው ክፍል ፎቶ ይነሳና ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ አልጋው በኮምፒውተር ይገባበታል ማለት ነው። ዋጋው በፎቶ ጥቂት አሥር ዶላሮች ነው። ተስማማሁ።

ትናንት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፎቶዎች መጡ። ያምራሉ፣ አልዋሽም። ሳሎኑን ሳይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከመስኮቱ ሥር የነበረው የብረት ራዲያተር የለም። እኛ ልጆች ሆነን እርጥብ ጓንታችንን የምናሰጣበት፣ እማዬ ክረምት ሲገባ ወንበሯን አስጠግታ የምትቀመጥበት ማሞቂያ ነው። በእሱ ቦታ ግራጫ ሶፋ ተቀምጧል። ከሶፋው ኋላ ያለው ግድግዳ ልሙጥ ነው፣ ምንም የለበትም።

ኤጀንቱን ስጠይቀው «ኤአይ ነው የሠራው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ገዢው ሲመጣ ያየው የለ?» አለኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ፎቶዎቹን ከታች አያይዤአለሁ፣ ባዶዎቹንም ጭምር። ዝም ብዬ ልለፈው ወይስ ላስቆመው?

---

አሌክሳንድሪያ ሪልተር

እህቴ፣ መከንከንሽ ትክክል ነው። ያ ፎቶ እንዳይወጣ አስቁሚው።

እኔ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፤ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም እሠራለሁ። ቨርቹዋል ስቴጂንግ ራሱ ምንም ችግር የለበትም። እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ ዕቃ ማስገባትና ቤቱን መቀየር ሲደባለቁ ነው። እኔ የምመራበት ነገር ቀላል ነው፦ የዕቃ ማጓጓዣው መኪና መጥቶ የማይጭነውን ነገር አንነካም። ሶፋ ይጫናል፣ ስለዚህ ማስገባት ይቻላል። ራዲያተር አይጫንም። መስኮት፣ የጣሪያ እድፍ፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው የመብራት ምሰሶ፣ የግቢው ሣር፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ እነዚህ ሁሉ ባሉበት ይቀራሉ።

ይህ የእኔ የግል ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። የናሽናል አሶሲዬሽን ኦፍ ሪልተርስ (የአሜሪካ የቤት ሽያጭ ወኪሎች ማኅበር) አባል የሆነ ሁሉ የሚገዛበት የሥነ ምግባር ደንብ አለ። አንቀጽ 12 ማስታወቂያችን እውነተኛውን ምስል እንዲያሳይ ያስገድደናል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከዚያም አልፋ ሄዳለች። ኤቢ 723 የሚባለው ሕግ ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ይሠራል። የሽያጭ ፎቶ በዲጂታል መንገድ ከተቀየረ መቀየሩ በግልጽ መነገር አለበት፣ ያልተነካውም ፎቶ ለሕዝብ መታየት አለበት። የእናትሽ ቤት ያለው ሜሪላንድ ነው፣ የካሊፎርኒያ ሕግ አያገኘውም። ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግን ከዚህ ይታያል። እኔ ካሊፎርኒያ ባልሆንም ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ነው የማወጣው፤ መጀመሪያ ዕቃ የገባበት፣ ቀጥሎ ባዶው። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው መግለጫ ሊስቲንጉ (የሽያጭ ማስታወቂያው) ወደ ሌሎች ድረ ገጾች ሲተላለፍ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ኤምኤልኤሱ (ኤጀንቶች ማስታወቂያ የሚያስገቡበት የጋራ መዝገብ) በሚፈቅደው መንገድ ፎቶው ላይ ራሱ ይጻፍ።

«ገዢው ሲመጣ ያየዋል» ላለሽ ደግሞ፦ አዎ፣ ያየዋል። በዚያች ደቂቃ ግን የቀሩትንም ፎቶዎች መጠርጠር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ስለ ጣሪያው ብትነግሪው አያምንሽም፣ ስለ ቧንቧው ብትነግሪው አያምንሽም።

ሳልረሳው ሁለት ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ ዲስክሎዠር (የቤቱን ሁኔታ የሚገልጽ) ወይም ዲስክሌመር (ቤቱን እንዳለ፣ ያለ ዋስትና የሚሸጥ) ከሚባሉት ቅጾች አንዱን ይሞላል። ዲስክሌመሩን ብትመርጡም እንኳ የምታውቁትን ስውር ጉድለት መደበቅ አትችሉም። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ ደግሞ በፌደራል ሕግ የእርሳስ ቀለም መግለጫ አለበት። እማማ አሁን የሜሪላንድ ነዋሪ ስላልሆኑ በክሎዚንግ (ሽያጩ በሚጠናቀቅበት) ጊዜ ግዛቱ ከገንዘቡ ላይ ለታክስ ቀንሶ ይይዛል። ነፃ የሚያደርጋቸው ምክንያት ካለ ማመልከቻው ከክሎዚንጉ ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት። ታይትል ካምፓኒውን (የባለቤትነት ሰነዱን አጣርቶ ሽያጩን የሚያስፈጽመውን ድርጅት) አሁኑኑ ጠይቂ። ለፊርማው አትጨነቂ፤ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1፣ 2020 ጀምሮ በቪዲዮ ኖተራይዝ ማድረግን (ፊርማ ማረጋገጥን) ትፈቅዳለች። እናትሽ ሲያትል ሳሎንሽ ውስጥ ተቀምጠው መፈረም ይችላሉ።

---

ቤት ፈላጊው

እኔ የምጽፈው ከገዢ ወገን ነው። ከባለቤቴ ጋር ከስምንት ወር በላይ ቤት ስንፈልግ ቆይተናል።

ባለፈው በልግ አንድ ታውንሃውስ አየን። ፎቶው ላይ ሁለተኛው መኝታ ቤት ትልቅ አልጋ፣ ግራና ቀኝ ኮመዲኖ፣ ጥግ ላይ የጽሕፈት ጠረጴዛ ነበረው። ባለቤቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ናት። «ይቺ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የምታርፍባት ክፍል ናት፣ ለአራስ ጥየቃ» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያች ክፍል ነው ያወራነው። ጠረጴዛውን አውጥተን የሕፃኑን አልጋ የት እንደምናደርግ ሁሉ ተነጋገርን።

ሄድን። በሩን ስከፍተው ባለቤቴ ደፉ ላይ ቆመች። አልገባችም። እንኳን ጠረጴዛው፣ አልጋው ብቻውን ቢገባ በሩ የሚዘጋ አይመስልም ነበር። ኤጀንቷ ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ ለካችልን፣ እሷም አፍራ ነበር። ቤቱ ለዋጋው መጥፎ አልነበረም። ክፍሏ ትንሽ መሆኗን አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ሌላ ነገር አስበን እንመጣ ነበር። ያን ቀን ግን ባለቤቴ መኪና ውስጥ አለቀሰች። ሌላ ቀን ተመልሰን እንየው ስላት እንቢ አለች።

ስለዚህ የሲያትሏ፣ እባክሽ የራዲያተሩን ነገር ብቻ አትዪ። የአልጋዎቹንም መጠን እዪ። የወለሉን ፕላን ከነልኬቱ አውጡት። እኛ ገዢዎች ከሚያምር ሶፋ ይልቅ ቁጥሩን እንፈልጋለን።

---

ገርጂ ስሪዲ

እንደምን አመሻችሁ። እኔ አዲስ አበባ ገርጂ ነው ያለሁት። ሥራዬ ይኸው ነው። ለዲሲ አካባቢና ለዳላስ ኤጀንቶች ባዶ ክፍል ውስጥ ዕቃ አስገባለሁ። የኤአይ መተግበሪያ ሳይሆን በብሌንደርና በፎቶሾፕ ፕሮግራሞች በእጄ ነው የምሠራው።

የቤት ፈላጊውን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ የሲያትሏን ፎቶዎች አውርጄ አየኋቸው። የትንሿን መኝታ ቤት እንይ። ወለሉ የኦክ ሳንቃ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ የአሜሪካ ቤቶች የዚህ ሳንቃ የተለመደ ስፋት 2 ኢንች ከሩብ ነው። በባዶው ፎቶ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቆጠርኩት፣ 48 ሳንቃ ነው። 108 ኢንች፣ ማለትም 9 ጫማ ማለት ነው። አሁን ዕቃ የገባበትን ፎቶ እዩ። ሳንቃው የተነጠፈው በአልጋው ርዝመት አቅጣጫ ስለሆነ አልጋው ስንት ሳንቃ እንደሚሸፍን መቁጠር ይቻላል። 21 ነው። 47 ኢንች አካባቢ መሆኑ ነው። መልኩ፣ ትራሱ፣ የራስጌው አሠራር ሁሉ የኩዊን አልጋ ነው። ኩዊን ግን 60 ኢንች ነው፤ ወደ 27 ሳንቃ ይሸፍን ነበር። አልጋውን አሳንሰውታል። ክፍሉ ሰፊ የሚመስለው ለዚያ ነው።

ማንም ሆን ብሎ ላያደርገው ይችላል። የኤአይ መተግበሪያው ልኬት አያውቅም። የሚያውቀው «መኝታ ቤት ይህን ይመስላል» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያምረውን ያስቀምጣል፣ የማይመቸውን ያጠፋል። ራዲያተሩ የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ደግሞ ሶኬቱ የለም፣ የምግብ ክፍሉ መስኮትም አንድ ፍሬም ጨምሯል። አስተውለሽ እዪው።

እኔ ስሠራ መጀመሪያ የምፈልገው የካሜራውን ቦታ ነው። ፎቶው ከየት ከፍታ፣ በምን ሌንስ እንደተነሳ ከግድግዳውና ከወለሉ መስመሮች አሰላዋለሁ። ኤፍስፓይ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ለዚህ ይረዳል። ከዚያ አንድ እርግጠኛ ልኬት እይዛለሁ። በር ጥሩ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የበር ቁመት 80 ኢንች ነው። በሩ ከተያዘ ሌላው ሁሉ በእሱ ይለካል። ዕቃዎቹን በእውነተኛ መጠናቸው ነው የማስገባው። ካልገባ አልገባም፣ ሌላ ዕቃ እፈልጋለሁ። ከዚያ ብርሃኑ ይመጣል። መስኮቱ በግራ ከሆነ የወንበሩ ጥላ ወደ ቀኝ መውደቅ አለበት። የኦክ ወለል ቫርኒሽ ስላለው የጠረጴዛው እግር ትንሽ ነጸብራቅ ይኖረዋል። ያን ከረሳሁ ዕቃው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

የአክስትሽ ልጅ እንደገና ፎቶ እንዲያነሳ ማድረግ ትችያለሽ? ስልኩ በቂ ነው፣ ትራይፖድ ግን ይያዝ። ከፍታው ደረቱ አካባቢ ይሁን፣ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር። በአግድም ያንሳ። 0.5 የሚለውን ሌንስ አይጠቀም፣ ዳር ዳሩን ይለጥጠዋል፣ ትንሹን ክፍል አዳራሽ ያስመስለዋል። ከበሩ ጥግ ይቁም። መጋረጃው ይከፈት፣ መብራቱ ይብራ፣ የውስጥ በሮች ሁሉ ክፍት ይሁኑ። ግድግዳው ፎቶው ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ካዘመመ ስልኩ አዘንብሏል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ማዕዘን ይበቃል። ከዚያ ሜትር ወለሉ ላይ ዘርግቶ በቪዲዮ ይቅረጽልኝ። ፎቶዎቹን በዋትስአፕ አትላኩ፣ ይጨመቃሉ። ወይ በጉግል ድራይቭ፣ ወይ ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል።

አንቺ በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 ሰዓት ላይ ብትልኪ እዚህ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ስትነሺ ረቂቁ ደርሶሽ ይሆናል፣ መብራት ካልሄደ።

---

የሲያትሏ

ገርጂ ስሪዲ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳንቃ በመቁጠር ይህን ያህል ማወቅ ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ለካልኝ። 107 ኢንች ተኩል። ግማሽ ኢንች ነው የሳትከው። ሌላኛው ጎን 10 ጫማ ነው። ያቺ የእኔ ክፍል ነበረች። አንድ ሰው የሚተኛበት አልጋና መጽሐፍ መደርደሪያ ነበር ያለኝ፣ ከዚያ ሌላ የሚገባ ነገር አልነበረም።

ኤጀንቱንም አነጋገርኩት። መጀመሪያ ትንሽ ተቆጣ። ከዚያ የጻፋችሁትን ላክሁለት። «እሺ፣ የዕቃውን ነገር አንቺ በመረጥሽው ሰው አሠሪው፣ እኔም ፎቶው መቀየሩን የሚገልጸውን ጽሑፍ አስገባለሁ» አለኝ። ቅን ሰው ነው፣ ቸኩሎ ነው እንጂ።

---

ግማሽ በግማሽ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ፎቶው ብቻ ቤት አይሸጥም። በሥራዬ ብዙ ቤት ከገዢዎች ጋር ገብቻለሁ። በፎቶ የሞቀ ሳሎን አይተው መጥተው ድምፃቸው በባዶ ግድግዳ ሲያስተጋባ ፊታቸው ይለወጣል። ፎቶው በጣም ባማረ ቁጥር ድንጋጤው ይብሳል።

ሁሉንም ክፍል በእውነተኛ ዕቃ ሙሉ አልልም። ግን አንድ ምንጣፍ መግቢያው ላይ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት የቁም መብራት ከታይመር ጋር፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ንጹህ ፎጣ፣ ኩሽናው ላይ አንድ ተክል። የአክስትሽ ልጅ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። በየክፍሉ ደግሞ ዕቃ የገባበትን ፎቶ በወረቀት አትማችሁ አስቀምጡ። ገዢው ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሞ ወረቀቱን እያየ «ሶፋው እዚህ ይሆናል» እንዲል።

ስሪዲ ቱር (ቤቱን በስክሪን እየዞሩ የሚያዩበት) ካሠራችሁ በባዶ ክፍል አሠሩት፣ ዕቃ አታስገቡበት። ማተርፖርት በሚባለው የስሪዲ ቱር መሣሪያ የሚሠራ ሰው መቅጠር ይቻላል። ካልሆነ የቤት ሽያጭ ድረ ገጹ ዚሎው ነፃ መተግበሪያ አለው፣ በስልክ ይሠራል። ሩቅ ያለ ገዢ ከኮሪደር ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን እየሄደ ያያል። እዚያ ላይ ምንም ነገር መደበቅ አይቻልም። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

---

ከስቶክሆልም

ጨዋታችሁን ሳነብ የራሴን ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው። የእኔ ቤት አሜሪካ አይደለም፤ አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ 4ኛ ፎቅ ነው። ከዚህ ሆኜ ነው የሸጥኩት።

ቤቱን ስንረከበው ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። አከራይተነው ስለነበር ቀለሙም ተጎድቷል። የእህቴ ልጅ በስልኳ አነሳችው። አንድ ልጅ በኮምፒውተር ሴራሚክ አነጠፈበት፣ ኪችን ካቢኔት ሰቀለበት፣ ጣሪያውን ጂፕሰም አደረገው። ለደላሎች ሰጠን፣ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። የመጀመሪያው ሰውዬ ከለቡ ድረስ መጣ፣ አራት ፎቅ በእግሩ ወጣ፣ ሊፍት የለም። በሩ ተከፈተ። ሲሚንቶ። የእህቴን ልጅ «ልጄ፣ ይኼ ነው ቤቱ?» ብሎ ጠየቃትና ምንም ሳይጨምር ወረደ። እሷ እስከ ዛሬ ያን ፊት አትረሳም። በእሷ ላይ ያደረግነው ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። እኔ ስቶክሆልም ተቀምጬ እሷን ከበሩ ላይ አቆምኳት።

ከዚያ ያንን ፎቶ አውርደን ሁለቱን አብረን ለጠፍን። «አሁን ያለበት ሁኔታ» እና «ቢታደስ የሚመስለው» ብለን ጻፍንበት። የሚደውለው ሰው በጣም ቀነሰ። የደወለው ግን የምሩን ነበር። የሚጠይቁትም ጥያቄ ሌላ ሆነ፦ ካርታው በማን ስም ነው? የባንክ ዕዳ አለበት? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የገዛው ሰው ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ ይዞ መጥቶ ሒሳቡን እዚያው አሠርቶ ነው ዋጋ የሰጠን።

እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ስንቶቻችን ነን አዲስ አበባ ውስጥ ገና ያልተሠራ አፓርትመንት በስሪዲ ሥዕል አይተን የከፈልን? ሥዕሉ ላይ ዛፍ ነበረ፣ የመዋኛ ገንዳ ነበረ። እንዴት እንደሚያም እናውቀዋለን። እና ያንኑ በሌላ ሰው ላይ መድገም የለብንም።

ከውጭ ሆናችሁ አገር ቤት የምትሸጡ ካላችሁ፣ ውክልናውን ተጠንቀቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ጠቅላላ የአስተዳደር ውክልና አይበቃም። «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ፣ ከኤምባሲው ጀምሮ። እኛ ያንን ሳናውቅ ሁለት ወር ባከነብን።

---

የሰፈሩ እናት

ልጆቼ፣ እኔ በቴክኖሎጂው አልገባበትም። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ፣ ቤቴንም ሸጬ ነው ከልጄ ጋር የምኖረው።

የእኔን ቤት ሲያዘጋጁ ኤጀንቷ የማርያምን ሥዕል አውርዱ አለች። ረከቦቱ ይነሳ፣ መሶቡ ይነሳ፣ የልጆቹ የምረቃ ፎቶ ይነሳ። ገዢው የራሱን ኑሮ እንዲያስብ ነው አለችኝ። ገባኝ፣ አልተቃወምኩም። ግን ሥዕሏን ሌላ ሰው እንዲያወርዳት አልፈቀድኩም። እኔው ራሴ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳት፣ በነጠላ ጠቅልዬ ያዝኳት። ከዚያ ሰዎቹ መጥተው ነጭ ትራስና የደረቀ አበባ አስቀመጡ። ቤቴ የሰው ቤት መሰለኝ።

የሲያትሏ ልጄ፣ እናትሽ ይህን ሁሉ በስልክ ላይ በድንገት እንዳታየው። ፎቶው ከመውጣቱ በፊት አንቺ አጠገቧ ተቀምጠሽ አሳያት።

ሌላው ደግሞ ሽታው ነው። ቤዝመንት ውስጥ በርበሬና ቅቤ ለዓመታት ከተቀመጠ ሲሚንቶው ራሱ ይይዘዋል። የዕጣን ሽታ መጋረጃ ውስጥ ይቀመጣል። እኛ አይሸተንም። የአክስትሽ ልጅ መስኮቱን ሁለት ሦስት ቀን ይክፈተው፣ ወለሉን በኮምጣጤ ያጥበው። ይኼንን በኮምፒውተር አታገኙትም።

---

ገርጂ ስሪዲ

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል፣ የአክስትሽ ልጅ ጎበዝ ነው። ረቂቁን በፋይል ልኬአለሁ።

ሳሎኑ፦ ራዲያተሩ በቦታው ነው። ሶፋውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር አስጠጋሁት። ራዲያተር አጠገብ ሶፋ ማድረግ ለኑሮም አይመችም፣ ሙቀቱን ያፍነዋል። ትንሿ ክፍል፦ 38 ኢንች ስፋት ያለው የአንድ ሰው አልጋ፣ ትንሽ የመጽሐፍ መደርደሪያ። ያለሽውን አስቤ ነው። 40 ኢንች መተላለፊያ ተርፏታል፣ በሩም ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።

ቤዝመንቱ ውስጥ ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ ግድግዳው ላይ ቢጫ የእርጥበት እድፍ አለ። አልነካሁትም። ኤጀንትሽ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ መልሱን አዘጋጂ።

---

የሲያትሏ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደረስንበትን ልንገራችሁ።

የእድፉን ነገር እማዬን ጠየቅኳት። የዛሬ ስድስት ዓመት የውሃ ማሞቂያው አፍስሶ ነበር፣ ተቀይሯል አለች። የቀየረውን ሰው ደረሰኝ በቢስኩት ጣሳ ውስጥ ይዛው መጥታለች፣ ሲያትል ድረስ። ፎቶ አንስቼ ለኤጀንቱ ላክሁት። ከእድፉ ፎቶ ጋር አብሮ ይቀመጣል።

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ላፕቶፑን አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ባዶዎቹን አሳየኋት። ዝም አለች። ከዚያ ዕቃ የገባባቸውን። ሳሎኑ ጋ ስንደርስ እጇን ዘርግታ ስክሪኑን ነካችው። ራዲያተሩ ላይ ነው የነካችው። «አየሽ፣ አለ» አለችኝ። መጀመሪያ መጥፋቱን አልነገርኳትም ነበር። ከዚያ ሶፋውን አይታ «ከበሩ ራቅ አድርገው ቢያስቀምጡት፣ ንፋስ አለ» አለች። ገርጂ ስሪዲ፣ ይቅርታ፣ ሶፋውን ትንሽ ወደ ግራ ብታደርገው? እሷ ናት የምታውቀው።

ሊስቲንጉ ሐሙስ ይወጣል። በባዶው ቤት የተሠራ ስሪዲ ቱር አለው፣ የወለል ፕላኑ ከነልኬቱ ገብቷል፣ ሁለቱም ፎቶዎች ጎን ለጎን ናቸው። መብራቶቹን የአክስቴ ልጅ ገዝቶ አስገብቷል። ኦፕን ሃውሱ (ቤቱ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ የሚከፈትበት ቀን) እሑድ ነው።

---

ገርጂ ስሪዲ

ሶፋው ወደ ግራ ሄዷል። ፋይሉ ተልኳል፣ ሥሪት 3 የሚለውን ውሰጂ።

---

ቤት ፈላጊው

የሲያትሏ፣ ትንሿ ክፍል 107 ኢንች ተኩል በ10 ጫማ ነው ያልሽው አይደል? ባለቤቴ አንብባዋለች። የአንድ ሰው አልጋና የሕፃን አልጋ እንደሚገባ በወረቀት ሥላ አሳየችኝ። አሁን ልጃችን ተወልዳለች፣ አያቷም በሰኔ ትመጣለች። እሑድ መምጣት እንችላለን?

---

የሲያትሏ

የኤጀንቱን ስልክ በግል መልእክት ልኬልሃለሁ። ሜትራችሁን ይዛችሁ ኑ። የአክስቴ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ማሞቂያውን ያበራዋል፣ ለሕፃኗ።